ቀዩ ተረከዝ

አምደሚካኤል ጎሚስታ ነበር። ከቦሌ መንገድ ወደ ሩዋንዳ በሚታጠፈው ማዕዘን ላይ፣ በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል፤ የተነፈሰ ጎማ ይፈታል፣ የውስጥ ጎማውን፣ ከመነዳሪውን፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ይለጥፋል። ደንበኞቹ «እንዲህ ጎብጠህ እየዋልክ ሩጫውን እንዴት ትችለዋለህ?» ሲሉት፣ «ቀና የምለው ስሮጥ ብቻ ነው» ይላቸው ነበር። ውሸቱን ነው። ሲሮጥም ቀና አይልም። ያ የሰኔ ነገር የደረሰበትም ቀና ባለማለቱ ነው።

ሩጫን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ወልደጻድቅ ነው። እሁድ እሁድ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ከቤት ይወጡና በመገናኛ አድርገው ኮተቤ ሜዳ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። የየካን ተራራ በምዕራብ በኩል ይወጡታል፣ ጀርባውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ፣ ከአያት ማሳዎች በላይ ሲደርሱ ቁልቁል ታጥፈው ወደ ተነሡበት ሜዳ ይመለሳሉ። «ዙሩ» ይሉታል። ስሙ እንዲህ ቀለለ እንጂ ጎረምሳ የሚያስለቅስ መንገድ ነው። ዳገቱ ሳንባ ያቃጥላል፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ያላላል፣ ሥሩና ድንጋዩ ሣር ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጸጥታው ነው። ባሕር ዛፉ ወፍ አይወድም ይሁን ወፉ ባሕር ዛፍ አይወድም እንጃ፣ ብቻ ከዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ከዘለቁ በኋላ የራስን ትንፋሽና የተላጠ የዛፍ ልጥ በነፋስ ሲፋተግ ከመስማት በቀር ሌላ ድምፅ የለም።

የጫካ ሩጫ ሕግ አለው። ጎን ለጎን አይሮጥም፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው እግር በእግር ይከተላል። ተከታዩ የሚያየው የመሪውን ተረከዝ ብቻ ነው፤ እሱ የረገጠበትን ይረግጣል፣ እሱ የዘለለውን ይዘላል። መሪው እንቅፋት ሲያገኝ ጣቱን ቀጭ አድርጎ ወደ ኋላ ያመለክታል። ወልደጻድቅ ግን ጣቱ አይጮህለትም ነበር፤ ስለዚህ ጭኑን በመዳፉ ይመታል። አንዴ ከመታ ድንጋይ ነው፤ ሁለቴ ከመታ ጉድጓድ። ታናሽየው ቀና ብሎ መንገዱን ለማየት የሞከረ ዕለት ወንድሙ ቆመና ተቆጣው።

«ቀና ካልክ አላመንከኝም ማለት ነው። ካላመንከኝ ለምን ትከተለኛለህ?»

አምደሚካኤል ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም። የወንድሙን ፊት ከሚያውቀው ይልቅ ተረከዙን ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወልደጻድቅ ቀኝ እግሩን ወደ ውስጥ ሰበር አድርጎ ስለሚረግጥ የሸራ ጫማው ቀኝ ተረከዝ ቶሎ ያልቅ ነበር። አምደሚካኤልም ከአንድ አሮጌ ቮልስዋገን በወጣ ከመነዳሪ ለጠፈለት። ከመነዳሪው ቀይ ነበር፤ ቀይ ደግሞ ያኔም ብርቅ ነው። ቁራጯን በመቀስ ሲያስተካክል እጁ ተንሸራቶ አንዱ ጫፏ ሾለ። ወልደጻድቅ አገላብጦ አያትና «ይቺስ ምላስ ታወጣለች» ብሎ ሳቀ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት፣ ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በዓመቱ፣ ቀበሌው ወልደጻድቅን ጠራው። ያንኑ ጫማ ተጫምቶ ሄደ፤ ለሠላሳ ወር ነው ተባለ። ሠላሳው ወር አለቀ፣ ሌላም ዓመት ተጨመረ፣ ልጁ አልተመለሰም። ሞተ ያለም የለም፣ አለ ያለም የለም። የሰሜኑ ጦርነት ሰው ይበላል፣ የበላውን ግን አይናገርም።

እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት በዚህ መሐል ተንጠልጥለው ቀሩ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ገና ጀንበር ሳትወጣ፣ በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ ወይዘሮ የሺመቤት ሁልጊዜ ከጎህ በፊት ተነሥተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ከአጥሩ ውጭ ብዙ እግር ሲሄድ የሰሙ እንደሆነ እጃቸው ይደርቃል። እግሩ ካለፈ ይተነፍሱና እንዝርታቸውን ያነሣሉ፤ ለወልደጻድቅ ጋቢ የሚሆን ጥጥ ይፈትላሉ። ያለ መርዶ አይለቀስም። ያልተለቀሰለት ደግሞ አልሞተም፤ የሳቸው እምነት ይኸው ነበር፣ ማንም ሊነቀንቃቸው አልቻለም።

ሰማንያ ገባ። ከሰሜን የሚሰማው ወሬ እየከፋ ሲሄድ አፈሳው ባሰ። ከአውቶቡስ የሚወርድ፣ ከኳስ ሜዳ የሚመለስ፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ጎረምሳ ሁሉ እየተለቀመ ይጫን ጀመር። አምደሚካኤል ከቆርቆሮዋ ክፍል አይወጣም፤ ጂፕ በመጣ ቁጥር ከጎማ ክምር ኋላ ይገባል። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ግን ከቀበሌ በላይ ያለው የከፍተኛው አስተዳደር የስፖርት ኃላፊ የሆነው አያሌው የተነፈሰ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣ።

«ጓድ አምደሚካኤል፣ ያንን ጫካ አሁንም ትዞረዋለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«እንግዲያ ዕድልህ መጣ። አዲስ የሯጮች ቡድን ሊቋቋም ነው። የፊታችን እሁድ ኮተቤ ሜዳ ላይ ማጣሪያ አለ፣ የምትሮጡትም ያንኑ ዙር ነው። ከፊት የገባ መታወቂያ ይሰጠዋል። መታወቂያውን የያዘን ሰው ለውትድርና የሚነካው የለም።»

አምደሚካኤል የሚለጥፈውን ጎማ ረስቶ አፉን ከፈተ። ሰውየው በፈገግታ አየው፤ የሥራውንም ዋጋ አልተከራከረም፣ ከፍሎ ሄደ። አያሌው ሳይከራከር መክፈሉ ብቻ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር፤ ግን የፈራ ሰው ተስፋ ሲሰጡት ምን ይመረምራል?

ማታ ለእናቱ ነገራቸው። እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ከፊት ትገባለህ?»

«ያንን መንገድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እማዬ።»

«ግባ እንግዲያ። አንተም ከሄድክ እኔ ከማን ጋር ነው የምጠብቀው?»

እሁድ ጠዋት ኮተቤ ሜዳ ጉም ውጦት ነበር። ካፊያ ይጥላል። ወደ አርባ የሚጠጋ ጎረምሳ ቁምጣውን ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ከአምደሚካኤል ጋር አብዱልገኒ አለ፤ የወሎ ሰው ነው፣ አባቱ ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። ወልደጻድቅ ከሄደ በኋላ ዙሩን አብሮት የሚዞረው እሱ ነበር። ከመነሣታቸው በፊት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው እየዞረ ዓይናቸውን ገለጠ፣ ጥርሳቸውን አየ፣ ደረታቸውን አንኳኳ።

«አሁን ለሩጫ ጥርስ ምን ይሠራል? ተናክሰን ነው እንዴ የምንቀዳደመው?» አለ አብዱልገኒ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሰውየውም አብሮ ሳቀ። ልብሳቸውን አንድ ቦታ ከምረው ተሰለፉ፣ ፊሽካ ተነፋ።

ዳገቱ ላይ ሰልፉ ቶሎ ተበጣጠሰ። ደካሞቹ ወደ ኋላ ቀሩ፣ ጉሙም አንድ በአንድ ዋጣቸው። አብዱልገኒ ይመራል፣ አምደሚካኤል ተረከዙን ይዞ ይከተላል። የአብዱልገኒ ትንፋሽ ይሰማል፣ ጣቱ ቀጭ ይላል፣ እጁ ያመለክታል። ሁሉም ደህና ነበር። ዋሻ ሚካኤልን አልፈው የተራራው ጀርባ ላይ ሲወጡ አምደሚካኤል ጭቃ አንሸራተተውና በጉልበቱ ተደፋ። ተነሣ፣ ጉልበቱን በእጁ ጠረገ፣ ጎንበስ እንዳለ ወደፊት ሲመለከት ጉሙ ውስጥ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ የሚሮጥ ተረከዝ አየ። ተመስገን ብሎ ደረሰበትና ተከተለ።

ብዙ ከሄደ በኋላ ነው አንድ ነገር የጎደለ የመሰለው። ትንፋሽ የለም። ጫማው መሬት ሲረግጥ፣ ጭቃው ሲንቦጫረቅ አይሰማም። የሚሰማው የራሱ ብቻ ነው። አብዱልገኒ ዛሬ ምን ያህል ቢጠነክር ነው ሲል ገረመው። ከዚያ ከፊቱ ጭን በመዳፍ ሲመታ ሰማ፣ አንዴ። እግሩ ሳያስብ ዘለለ። ከሥሩ ሹል ድንጋይ አለፈ።

ጥቂት ሮጠ። አብዱልገኒ ጣቱን ቀጭ እንደሚያደርግ እንጂ ጭኑን እንደማይመታ ትዝ ያለው ያኔ ነው።

ተረከዙን አየው። ቀኙ ወደ ውስጥ ሰበር ይላል። ሲነሣ ቀይ ቁራጭ ይታያል፣ ሲያርፍ ይሰወራል፤ ሲነሣ ደግሞ ጫፏ ሾሎ፣ ምላስ የምታወጣ። በገዛ እጁ የቆረጣት ናት። በዚህ ዓለም ሁለተኛ የላትም።

ቀና ማለት ፈለገ። አንገቱ እንቢ አለው። ቀና ካልክ አላመንከኝም ማለት ነው የሚለውን ቃል ፈራ፤ ከዚያ የባሰ ደግሞ ቀና ብሎ ቢያይ ፊቱ ምን ይመስል ይሆን የሚለውን ፈራ። እንባው ከካፊያው ጋር እየወረደ፣ መሮጡን አላቋረጠም። ማቆሙም ያስፈራል። ካቆመ ተረከዙ ይሄድበታል።

መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ብቅ አሉ፤ ከጫካው እንጨት ለቅመው፣ ሸክማቸው ከራሳቸው በላይ ቆሞ፣ ጎብጠው የሚወርዱ። ሯጭ መምጣቱን ሲያዩ ወደ ዳር ወጡና ዛፍ ተደግፈው ቆሙ። ቀዩ ተረከዝ በፊታቸው ሲያልፍ «እለፍ» አሉ። ቀጥሎ አምደሚካኤል ሲደርስ «አንተም እለፍ፣ ልጄ» አሉት። አለፈ። አሁን እሱ ብቻ አይደለም ያየው።

መንገዱ ከሁለት የሚከፈልበት አሮጌ ጥድ ጋ ደረሱ። ዙሩ እዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ከታች ሜዳው ነው፣ ሜዳው ላይ መታወቂያው አለ። ተረከዙ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ዞሮ ከሜዳው በላይ ወደሚወጣው የገደል አፋፍ።

አምደሚካኤል ቆመ። ያንን መንገድ በሕልሙም ያውቀዋል፤ ወደ ግራ መሄድ ማጣሪያውን መጣል ነው፣ እናቱን ብቻቸውን ማስቀረት ነው። ቀኝ እግሩን ወደ ቁልቁለቱ ሰነዘረ። ጭን ተመታ፣ ሁለቴ። ጉድጓድ።

ከፊቱ ያለው ቁልቁለት የተጠቀጠቀ ደልዳላ መሬት ነው፣ ጉድጓድ የለበትም። እግሩን መልሶ ሰነዘረ። እንደገና ሁለቴ ተመታ፤ አሁንስ ቅርብ ነው፣ ጆሮው ሥር።

«ወልዴ?» አለ።

ልጥ ተፋተገ። አምደሚካኤል መታወቂያውን አሰበ፣ እናቱን አሰበ፣ ከዚያ ልጅ ሆኖ እንደሚያደርገው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ግራ ታጠፈና ቀዩን ተረከዝ ተከተለ።

አፋፉ ላይ ሲደርስ ተረከዙ አልነበረም። ወደ ፊትም ወደ ጎንም አልሄደም፤ እርምጃው መሐል ላይ ነው የጠፋው። አምደሚካኤል አሁን ቀና አለ፣ ወንድሙ ከተቆጣው ወዲህ በሩጫ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማንም የለም። ከእግሩ ሥር ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች ጉሙ እንደ መጋረጃ ተሰንጥቆ ሜዳው ይታያል።

ሜዳው ላይ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪናዎች ቆመዋል። ሩጫው ሲጀመር አልነበሩም። ከጫካው የወጣ ሯጭ ሁሉ እጁን አንሥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል፤ የሚያጨበጭቡለትም አሉ። ካጨበጨቡለት በኋላ ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ክንዱንና ክንዱን ይዘው ወደ መኪናው ይወስዱታል። ከሁሉ ቀድሞ የገባው አብዱልገኒ ነበር። አምደሚካኤል በአረማመዱ ለየው። እጁን ወደ ላይ እንደሰቀለ ያዙት፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ እጁን ሳያወርድ፣ መኪናው ላይ ጫኑት። ለካ ጥርሱን ያዩት ለዚህ ኖሯል። ደካማውን ከጠንካራው የሚለይ ወንፊት አጥተው፣ ልጆቹ ራሳቸው ሮጠው እንዲበጠሩላቸው አደረጉ።

«አብዱ! ተመለስ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ርቀት ማን ይሰማል? ጉሙም ተመልሶ ገጠመ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ሸክም የያዙት ሴት በኋላ መንገድ ዞረው ደረሱበት። ፈለቀች ይባላሉ፤ ከአያት በላይ ካለው መንደር ናቸው። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ወደቅህ?»

«አልወደቅሁም፣ እናቴ።»

«ያ ጓደኛህስ የታል?»

አምደሚካኤል ቀና ብሎ አያቸው። «አይተውታል?»

«እንዴት አላየውም፣ መንገድ ለቅቄለት። አንድ ነገር ነው የገረመኝ። አንተ እንዲህ በስብሰህ፣ እኔም እንዲህ በስብሼ፣ የሱ ሸሚዝ ምነው ደረቀ? ጫማው ላይ ያለው አቧራ ደግሞ የዚህ አገር አፈር አይደለም። ነጭ ነው፣ አሸዋ።»

ሴትየዋ ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ፊታቸው ተለዋወጠ፤ አማተቡ፣ ሸክማቸውን ብድግ አደረጉና ዘወር ብለው ሳያዩ ወረዱ።

ወደ ከተማ በኮተቤ መመለስ አይሞከርም። በአያት ማሳዎች ወረደ፣ በቦሌ አራብሳ በኩል በጤፍና በስንዴ እርሻዎች መሐል ዞረ፤ ሰው ሲያይ ቦይ ውስጥ እየተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ብቅ አለ። መንገዱን ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእማዬ ምን እላታለሁ? እሱ መትረፉን ቢነግራቸው እንዴት ተረፍክ ይላሉ። እንዴት እንደተረፈ ከነገራቸው ደግሞ መርዶ ነው። አራት ዓመት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የጠበቁትንና የፈሩትን ነገር፣ በሽማግሌ አይደለም፣ በሱ በልጃቸው አፍ ሊሰሙ ነው። አልናገርም አለ። መንገድ ጠፋኝ እላታለሁ፣ አበቃ።

የአፈሳው ወሬ ቀድሞት ሰፈር ደርሷል። የጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የአብዱልገኒ እኅት ሐሊማ ስትጮኽ ይሰማል። ወይዘሮ የሺመቤት በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሲያዩት አልጮኹም፤ እጁን ይዘው ወደ ውስጥ ጎትተው በሩን ቀረቀሩ፣ ፊቱን ዳሰሱ፣ ትከሻውን ዳሰሱ። ከዚያ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አመጡና ጭቃ የዋጠውን እግሩን ማጠብ ጀመሩ።

«ሁሉንም ወሰዷቸው አሉ። አንተ እንዴት ተረፍክ?»

«መንገድ ጠፋኝ፣ እማዬ።»

እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ።

«አንተን?»

«ጉም ነበር።»

«አንተ ያንን ጫካ ዓይንህን ታስረህ ትዞረዋለህ። ከዙሩ የሚያስወጣህ ሰው ቢኖር፣ ከፊትህ ሆኖ የመራህ ነው።» ቀና ብለው አላዩትም፤ አሁንም እግሩን ነው የሚያዩት። «ማንን ተከተልክ?»

አምደሚካኤል ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ እናቱ ግን ቀደሙት።

«ጫማው ላይ ቀይዋ ነበረች?» አሉት፣ በቀስታ።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እንባው ገበቴው ውስጥ ሲወድቅ አዩት። የያዙትን እግር አጥበው ጨረሱ፣ ሁለተኛውንም በተራው አጠቡት፣ በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁለት፣ ውሃውንም ደጅ ደፉ። ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ እንዝርቱ ላይ የነበረውን ፈትል በጥሰው በእጃቸው ይዘውታል፤ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አምደሚካኤል ከርጩማው ተነሥቶ ሊይዛቸው ሲል በእጃቸው መለሱት።

«ለእትዬ አፀደ በአጥሩ በኩል ንገራት፣ ሰው ትጥራልኝ» አሉት። «መርዶ አመጡ እንዳትላት። እሱ ራሱ መጥቶ ነገረን በላት።»

አልተንቀሳቀሰም። እናቱ ቀረብ አሉና ጉንጩን በመዳፋቸው ያዙት፤ ከዚያ ቀን በፊት አይቶት የማያውቀው እንባ ዓይናቸውን ሞልቶታል።

«አልቅስለት እንጂ፣ ልጄ» አሉ። «ያን ሁሉ መንገድ የመጣው አንተን ሊመልስልኝ ነው።»